የዩኒቨርሲቲ ኢዮቤልዩና የቀድሞ ተማሪዎች፦ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 75 ዓመታት ጋር የተያያዘ መረጃ ለተገልጋዮች

አንድ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተበትን 25ኛ፣ 50ኛ ወይም 75ኛ ዓመት ሲያከብር የቀድሞ ተማሪዎቹ ከየአቅጣጫው ወደ ቅጥር ግቢው ይመለሳሉ። የክፍል ጓደኛ ለመፈለግ የሚመጣ አለ፤ የተማረበትን አዳራሽ ለልጆቹ ለማሳየት የሚመጣም አለ። ከእነዚህ መካከል የቆየ ጉዳይ ይዘው የሚመጡም አይጠፉም። አንዱ በዲግሪው ላይ የተጻፈው የተቋም ስም ዛሬ በሥራ ላይ የለም፤ ሌላው ትምህርቱን ያቋረጠው በዘመኑ ሁኔታ ተገዶ ነው፤ ሌላዋ ደግሞ በሕይወት የሌለ ወንድሟ በግቢው መማሩን የሚያሳይ ወረቀት ትፈልጋለች።

በዓል የሚለካው በአዳራሹ ድምቀት ብቻ አይደለም። ተማሪውንና ማኅደሩን መልሶ ማገናኘት ከቻለ በዓሉ ሲያልፍ የሚቀር ጥቅም ይኖረዋል። ይህ ጽሑፍ የአገሪቱን ቀዳሚ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ መነሻ አድርጎ፣ የቀድሞ ተማሪዎችና ቤተሰቦቻቸው በእንዲህ ያለው አጋጣሚ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን በቅደም ተከተል ያቀርባል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሌላ ካልተገለጹ በስተቀር በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ኢዮቤልዩ ምን ማለት ነው?

ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ምንጩ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደተደነገገው ኢዮቤልዩ 50ኛው ዓመት ሲሆን፣ የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበትና በባርነት የተያዘ ሰው ወደ ወገኑ የሚገባበት ነበር። ስለዚህ የቃሉ ጥንታዊ ትርጉም ከዕድሜ ቁጥር ይልቅ ወደ ቤት መመለስን ያመለክታል።

በአገራችን ቃሉ በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የታወቀው በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የተጫነበት 25ኛ ዓመት በተከበረበት ጊዜ ነው። ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ ኋላም ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የተባለው ሕንፃ ስሙን ያገኘው ከዚያ በዓል ሲሆን፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው አዳራሽም የተመረቀው በዚያው አጋጣሚ ነው።

በልማድ 25ኛው ዓመት የብር፣ 50ኛው የወርቅ ኢዮቤልዩ ይባላል። የአልማዝ ኢዮቤልዩ የሚለው ግን አንዳንድ ጊዜ ለ60ኛው፣ አንዳንድ ጊዜ ለ75ኛው ዓመት ስለሚውል፣ የጥሪ ወረቀት የደረሰው ሰው ከስያሜው ይልቅ የተጻፈውን ቁጥር ቢያይ ይመረጣል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልደት ዓመት

የአንድ ዩኒቨርሲቲ ዕድሜ የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ነው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ እንደ ተቋሙ ይለያያል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

በ1942 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንዲቋቋም ተወሰነ። የምሥረታውን ኃላፊነት የተቀበሉት ቀደም ሲል የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ይመሩ የነበሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ማስተማር ሲጀምር የተቀበላቸው ተማሪዎች 33 ነበሩ። በ1946 ዓ.ም. ቻርተር ተሰጠው።

ከዚያ በኋላ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተካሄደ። በስድስት ኪሎ በሚገኘው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት በዚያው ተገደሉ። በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለከፍተኛ ትምህርት ሰጡ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. በየቦታው የነበሩትን ኮሌጆች በአንድ ያሰባሰበው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ይህ ግቢ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉበት መሆኑም ይታወቃል። ከአብዮቱ በኋላ በ1967 ዓ.ም. የተቋሙ ስም ተለውጦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

እንግዲህ አንድ ሰው ልደቱን ከ1954 ዓ.ም. ቢቆጥር የተለየ ዕድሜ ያገኛል። ዩኒቨርሲቲው ግን የሚቆጥረው ሥሩ ከሆነው ከ1942 ዓ.ም. ስለሆነ በ2017 ዓ.ም. 75 ዓመት ሞላው።

ሌሎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአሁኑ አደረጃጀቱ የተቋቋመው በ1992 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ልደቱን የሚቆጥረው በ1955 ዓ.ም. ከተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ጀምሮ ስለሆነ የወርቅ ኢዮቤልዩውን ያከበረው በ2005 ዓ.ም. ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም መነሻው በ1947 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ነው። ከጎረቤት አገር የኡጋንዳው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር የቆጠረው እ.ኤ.አ. በ1922 አነስተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሆኖ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ይህ አቆጣጠር ለቀድሞ ተማሪ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ዩኒቨርሲቲው ልደቱን ከትንሹ ኮሌጅ ሲቆጥር የዚያ ኮሌጅ ተማሪዎችም የእርሱ ተማሪዎች መሆናቸውን እየተቀበለ ነው። በፖሊ ቴክኒክ ዘመን የተማረ ሰው ‘ያኔ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም’ ብሎ ራሱን ከበዓሉ ሊያርቅ አይገባም።

ስሙ ሲለወጥ፣ ኮሌጆቹ ሲለያዩ ማኅደሩ የት ይገኛል?

ለብዙ ተገልጋዮች አስቸጋሪ የሚሆነው ይህ ጥያቄ ነው። በ1954 ዓ.ም. በአንድ ጥላ ሥር ከተሰባሰቡት ኮሌጆች ከፊሎቹ በኋላ ራሳቸውን ችለዋል። በአንጻሩ ቀድሞ በተናጠል የቆሙ ትምህርት ቤቶች ወደ ዩኒቨርሲቲው ገብተዋል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፦ ማስተማር የጀመረው በጅማ ሲሆን ኋላ ወደ ዓለማያ ተዛወረ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ቀጥሎም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ከቆየ በኋላ በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የዓለማያ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይባላል።

• የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ፦ እንደ ዓለማያው ሁሉ የዩኒቨርሲቲው አካል የነበረ ሲሆን ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው።

• የአዋሳ የእርሻ ኮሌጅ፦ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተቋቁሞ፣ ኋላ ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ደቡብ ዩኒቨርሲቲን መሠረተ። ደቡብ ዩኒቨርሲቲ በኋላ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተባለ ሲሆን፣ ዲላ ደግሞ ተለይቶ በራሱ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

• የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ፦ በንጉሡ ዘመን የዩኒቨርሲቲው ክፍል ነበር። ዛሬ የሚተዳደረው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው።

• የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የአለ ሥነ ጥበባት ትምህርት ቤት፦ በተናጠል ተቋቁመው የቆዩ ሲሆን በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኑ።

ማስረጃ ፈላጊው ሁለት ጥያቄዎችን ቢመልስ መንገዱ ይቀልለታል። አንደኛው፣ ‘ዲግሪውን ወይም ዲፕሎማውን የሰጠው ተቋም በወረቀቱ ላይ ማን ተብሎ ተጽፏል?’ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ‘የተማርኩበትን ግቢ ዛሬ የሚያስተዳድረው ማን ነው?’ የሚለው ነው። የሁለቱ መልስ አንድ ከሆነ ጥያቄው የሚቀርበው ለዚያው ተቋም ሬጅስትራር ነው። መልሱ ከተለያየ፣ ለምሳሌ በ1960ዎቹ ዓለማያ ተምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስም የተመረቀ ሰው ከሆነ፣ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱንም ሬጅስትራሮች በስልክ ወይም በጽሑፍ ጠይቆ ማኅደሩ የተቀመጠበትን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

በቀድሞ ስም የተሰጠ ዲግሪ ስሙ በመለወጡ ምክንያት ዋጋ አያጣም። አሠሪ ወይም የውጭ አገር ተቋም ግራ ከተጋባ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ተቋም መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራሩ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የመገናኘት ልማድ ከጥንት ነበረ

የቀድሞ ተማሪዎች ስብሰባ ከውጭ የመጣ አዲስ ልማድ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁና ኋላም በዩኒቨርሲቲው ‘የኮሌጅ ቀን’ በየዓመቱ ይከበር ነበር። በዕለቱ የስፖርት ውድድርና የግጥም ውድድር ይደረግ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም የሚገኙበት ጊዜ ነበር። የታምሩ ፈይሳ ‘ድሀው ይናገራል’ እና የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) ‘በረከተ መርገም’ የሚታወሱት ከዚህ መድረክ ጋር ተያይዘው ነው። እነዚህ ግጥሞች የድሀውን ኑሮ በአደባባይ ያነሡ ስለነበሩ የኮሌጅ ቀን ከመዝናኛነት አልፎ የዘመኑ ወጣት ስለ አገሩ የሚጠይቅበት ቀን ሆኗል።

ሌላው የጋራ ትዝታ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው ያገለግሉ ነበር። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነው። ስለዚህ የአንድ ዓመት ምሩቃን ሲገናኙ ትዝታቸው ከስድስት ኪሎ ግቢ አልፎ ካስተማሩባቸው አውራጃዎችና ወረዳዎች ይደርሳል። በእነዚያ ወጣት መምህራን የተማሩ ሕፃናትም በተራቸው የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሆነዋል።

የቀድሞ ተማሪ የሚባለው ማን ነው?

በአማርኛ ‘ምሩቅ’ እና ‘የቀድሞ ተማሪ’ የሚሉት ቃላት እኩል አይደሉም። ምሩቅ ትምህርቱን አጠናቆ የተመረቀ ነው። የቀድሞ ተማሪ ግን ጀምሮ ያላጠናቀቀውንም ይጨምራል። ልዩነቱ በተለይ ለሦስት ወገኖች ትልቅ ትርጉም አለው።

የመጀመሪያዎቹ በማታው ክፍለ ጊዜ የተማሩት ናቸው። ቀን በመሥሪያ ቤት ወይም በመርካቶ ሱቅ ሲሠሩ ውለው፣ ማታ በኤክስቴንሽን ተምረው ሰርተፍኬት፣ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ የያዙ ሰዎች እንደ ቀን ተማሪዎች ሁሉ የተቋሙ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ የአንድ ዓመት ተማሪ ሆነው በአንድ ዶርም ስላልኖሩ የመገናኛ ሐረጋቸው የላላ ነው። በመሆኑም የኢዮቤልዩ አዘጋጆች የማታ ተማሪዎችን በተለየ ጥሪ ቢፈልጓቸው ይገባል።

ሁለተኛዎቹ ትምህርታቸው በዘመኑ ሁኔታ የተቋረጠባቸው ናቸው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርት ቆመ፤ የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችን ጨምሮ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ከዘመቻ መልስ ትምህርቱን የቀጠለ አለ፤ ያልተመለሰም አለ። የተሰደዱትም ጥቂት አይደሉም። ያጠናቀቁት ሴሚስተር ውጤት በማኅደር ካለ፣ ተማሪው ባይመረቅም የተማረውን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲሰጠው ማመልከት ይችላል።

ሦስተኛዎቹ በሕይወት የሌሉት ናቸው። በቀይ ሽብር ዘመን ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ለቤተሰቦቻቸው የተማሪነት ማኅደር ከውጤት ዝርዝር በላይ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ የልጃቸው ስምና ፎቶግራፍ በመንግሥት መዝገብ ላይ የሚገኝበት ብቸኛ ቦታ ሊሆን ይችላል። የሟችን ማስረጃ የሚጠይቅ የቤተሰብ አባል የራሱን መታወቂያና በፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማረጋገጫ ይዞ ቢቀርብ ጉዳዩ ይፋጠንለታል። በዓሉን የሚያዘጋጁ ወገኖችም በመርሐ ግብራቸው ላይ ላልተመለሱት ተማሪዎች የኅሊና ጸሎትና የስም መታሰቢያ ቢያኖሩ፣ ከመድረክ ርቀው የቆዩ ቤተሰቦችን ወደ ግቢው መጥራት ይሆናል።

ከበዓሉ በፊት የሚደረግ ዝግጅት

በበዓሉ ሰሞን የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቶች በተገልጋይ ሊጨናነቁ ይችላሉ። ከሌላ ከተማ ወይም ከውጭ አገር የሚመጣ ሰው ጉዳዩን ከበዓሉ ሳምንታት በፊት በጽሑፍ ቢያቀርብ ይመረጣል። ለማመልከቻው የሚከተሉትን ማዘጋጀት ይጠቅማል፦

1. በተመዘገበበት ጊዜ ያስመዘገበው ሙሉ ስም እስከ አያት፣
2. የተማሪነት መለያ ቁጥር፣ ካስታወሰው ወይም በቀድሞ መታወቂያው ላይ ካገኘው፣
3. የገባበትና የተመረቀበት ወይም ያቋረጠበት ዓመት፣ ዘመኑ በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን በመግለጽ፣
4. የተማረበት ፋኩልቲ ወይም ኮሌጅ በዚያን ጊዜ ስሙ፣
5. መደበኛ፣ የማታ ወይም የክረምት ተማሪ መሆኑ፣
6. በእጁ ያለ ማንኛውም የድሮ ወረቀት ቅጂ፣ የታደሰ መታወቂያና ፎቶግራፍ።

የዘመን አቆጣጠሩን መግለጽ ቸል ሊባል አይገባም። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ባለሙያውን በሌላ ዓመት መዝገብ ውስጥ ሲያስፈልግ ሊያውለው ይችላል።

የስም ጉዳይም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በድሮ ትራንስክሪፕት ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው ስም በፓስፖርት ላይ ካለው ጋር በፊደል መለያየቱ የተለመደ ነው። ልዩነቱ የአጻጻፍ ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱን ሰነዶች አያይዞ ለሬጅስትራሩ በማመልከት አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል። ስሙን በሕግ የለወጠ ሰው ግን የፍርድ ቤት ውሳኔውን ማያያዝ ይጠበቅበታል።

የማስረጃዎቹን ዓይነት ለይቶ ማወቅም ምልልስን ይቀንሳል። ለተማሪው በእጁ የሚሰጠው ስቱደንት ኮፒ ለግል መረጃ የሚያገለግል ነው። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም አሠሪ የሚጠይቀው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በአብዛኛው ከሬጅስትራሩ ታሽጎ በቀጥታ ወደ ጠያቂው ተቋም ይላካል። በወጪ መጋራት ሥርዓት የተማሩና ግዴታቸውን ያልፈጸሙ ምሩቃን ኦሪጂናል ዲግሪያቸውን ከመጠየቃቸው በፊት ክፍያቸውን ማጠናቀቃቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ ይኖርባቸዋል።

ወደየትኛው ቅጥር ግቢ?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አጥር ውስጥ የሚገኝ ተቋም አይደለም። ዋናው ግቢ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ሙዚየሙና የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት በስድስት ኪሎ ይገኛሉ። የተፈጥሮ ሳይንስ በአራት ኪሎ፣ የቴክኖሎጂ ተቋሙ በአምስት ኪሎ፣ የሥነ ሕንፃና የሕንፃ ግንባታ ተቋሙ በልደታ፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጁ በጥቁር አንበሳ፣ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ በሰንጋ ተራ፣ የእንስሳት ሕክምናው ደግሞ በቢሾፍቱ ናቸው።

ለምሳሌ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ሲኒማ ራስ አካባቢ የሚኖር የቀድሞ ተማሪን እናስብ። ‘ዩኒቨርሲቲ’ ሲባል በልማድ ወደ ስድስት ኪሎ ለመሄድ በፒያሳ በኩል ሊነሣ ይችላል። የተማረው ሕክምና፣ የሕንፃ ግንባታ ወይም ንግድ ሥራ ከሆነ ግን ጥቁር አንበሳ፣ ልደታና ሰንጋ ተራ ከሲኒማ ራስ ይበልጥ ይቀርቡታል። የዓመቱ ምሩቃን መገናኛም በአብዛኛው በየፋኩልቲው ስለሚዘጋጅ፣ ከቤት ከመውጣት በፊት የሚፈልገው አገልግሎት በዋናው ግቢ ወይም በተማረበት ኮሌጅ የሚሰጥ መሆኑን ማጣራት ጊዜና የታክሲ ወጪ ይቆጥባል።

አቅመ ደካማ ወይም አካል ጉዳተኛ የሆኑ የቀድሞ ተማሪዎችም ሊታሰቡ ይገባል። ከ1940ዎቹና ከ1950ዎቹ ተማሪዎች መካከል በሕይወት ያሉት ዛሬ በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ናቸው። እነርሱን በተሽከርካሪ ከበር ማስገባት፣ በጥላ ሥር መቀመጫ ማዘጋጀትና ጉዳያቸውን ተራ ሳይጠብቁ ማስተናገድ የአዘጋጆች ግዴታ ነው። ቤተሰቦቻቸውም አስቀድመው ቢያሳውቁ መልካም ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎች

በውጭ አገር የሚኖርና በአካል መገኘት የማይችል የቀድሞ ተማሪ ማስረጃውን በወኪል ማስወጣት ይችላል። ለዚህም በሚኖርበት አገር በሚገኝ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ውክልና መስጠት ይኖርበታል። ውክልናው አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይመዘገባል። በውክልናው ላይ ‘የትምህርት ማስረጃ ለማውጣት፣ ለመፈረምና ለመረከብ’ የሚል ግልጽ ሥልጣን መጻፉን ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ የቤትና የመኪና ጉዳይ ብቻ የሚዘረዝር ውክልና በሬጅስትራር ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል።

ስጦታ፣ መዋጮና ጥንቃቄ

ኢዮቤልዩ የመስጠት ወቅትም ነው። መጻሕፍት፣ የላቦራቶሪ ዕቃ፣ ለችግረኛ ተማሪዎች የሚውል ገንዘብና የሙያ ምክር የቀድሞ ተማሪዎች ለተቋማቸው ከሚያበረክቷቸው መካከል ናቸው። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው የሒሳብ ቁጥሩን ከዩኒቨርሲቲው ራሱ ማረጋገጥ፣ በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ አለማስገባትና ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል ይኖርበታል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወር የጥሪ ወረቀትም የተቋሙ መሆኑ መጣራት አለበት። ዕቃ የሚልክ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ዩኒቨርሲቲው ዕቃውን የሚፈልገው መሆኑን ቢጠይቅ፣ የማይሠራ መሣሪያ መጋዘን እንዳያጣብብ ይረዳል።

በበዓል ግርግር መካከል ‘ዲግሪ በአጭር ጊዜ እናስወጣለን’ የሚሉ ደላሎች እንዳያታልሉም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማስረጃ የሚሰጠው ሬጅስትራሩ ብቻ ነው። ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትም ሆነ መገልገል በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል።

ትዝታን በአደራ ማስቀመጥ

የቀድሞ ተማሪዎች ከተቋሙ ማኅደር እንደሚፈልጉ ሁሉ ተቋሙም ከእነርሱ የሚፈልገው ነገር አለ። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለ የምረቃ ፎቶግራፍ፣ የኮሌጅ ቀን መርሐ ግብር፣ የተማሪዎች ጋዜጣ፣ ከአገልግሎት ወይም ከዘመቻ ጣቢያ የተጻፈ ደብዳቤ ለታሪክ አጥኚ ትልቅ ሀብት ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ያሉ የአገር ቅርሶችን ሲሰበስብ ቆይቷል፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተሩ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ።

ፎቶግራፍ የሚያበረክት ሰው በጀርባው ላይ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በእርሳስ ቢጽፍ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ስም የሌለው ፎቶግራፍ የሚያውቁት ሲያልፉ አብሮ ዝም ይላል። ዋናውን መስጠት የማይፈልግም ቅጂውን ማስቀረት ይችላል። የምሩቃን መገናኛ ለዚህ ምቹ ነው፤ አንዱ የረሳውን ስም ሌላው ያስታውሳልና።

በዓሉ ሲያልፍ የሚቀረው

እ.ኤ.አ. በ1988 የጣሊያኑ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ 900ኛ ዓመቱን ሲያከብር የተሰበሰቡ የዩኒቨርሲቲ መሪዎች ‘ማግና ካርታ ዩኒቨርሲታቱም’ የተሰኘውን የዩኒቨርሲቲዎች ነጻነት ሰነድ ፈረሙ። ከዚያ በዓል ዛሬም ድረስ የሚነሣው ያ ሰነድ ነው። በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 75 ዓመት የሞላው፣ በራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት ራስ ገዝ ሆኖ አዲስ ምዕራፍ በጀመረበት ወቅት ነው። ራሱን የሚያስተዳድር ተቋም ከመንግሥት በጀት ባሻገር የሚደገፈው በተማሪዎቹ እምነት ነው። እምነቱም የሚገነባው እያንዳንዱ ሰው ማኅደሩን ሲጠይቅ በሚያገኘው መልስ ነው።

ስለዚህ ወደ ኢዮቤልዩ የሚሄድ የቀድሞ ተማሪ ሦስት ነገሮችን ፈጽሞ ቢመለስ በዓሉን በሚገባ አክብሯል ማለት ይቻላል። ስሙ፣ አድራሻውና የተማረበት ዓመት በትክክል መመዝገባቸውን ያረጋግጥ፤ የሚፈልገውን ማስረጃ ይጠይቅ ወይም የማመልከቻውን ቁጥር ይዞ ይመለስ፤ የሚያውቀውንና ለሌላው የሚጠቅመውን ትዝታ በጽሑፍ ወይም በፎቶግራፍ አደራ ይስጥ። መገኘት ያልቻለ ወዳጅ ወይም በሕይወት የሌለ የክፍል ጓደኛ ያለውም የእርሱን ስም ጨምሮ ያስመዝግብ። በ1943 ዓ.ም. በ33 ተማሪዎች የተጀመረው መዝገብ የተሟላ የሚሆነው እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን መስመር ሲያቃናና የጎደለውን ሲሞላ ነው።